«ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር»፦ መነሻው፣ ትርጓሜውና ለእምነት ጥርጣሬ የሚሰጠው ነገር

«ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በጎጃም አዘውትሮ የሚሰማው በገበያና በውል ጉዳይ ላይ ነው። ሻጩ የበሬውን ጠባይ አብዝቶ ሲያመሰግን፣ ገበሬው የማያነበው ወረቀት ላይ እንዲፈርም ሲጣደፍ፣ ልጁን የሚድር አባት ስለ አማቾቹ ወገን መልካም መልካሙ ብቻ ሲነገረው፣ አጠገቡ ያለ ሰው ይህችን አነጋገር ጣል ያደርግለታል። አንዳንዱ «ከገንፎ መካከል ይገኛል ስንጥር» ይላታል፤ መልእክቱ ግን አንድ ነው። እንደ አብዛኛው ተረትና ምሳሌ ባለቤት የላትም፤ ከጓዳ ወጥታ፣ ቤት ስለምትመታ በቀላሉ በሰው አፍ የቀረች ናት።

መነሻዋን ለመረዳት ገንፎ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይበቃል። ውኃው ከፈላ በኋላ የገብስ ዱቄት ይጨመርበትና እንዳይጓጉል በማማሰያ በኃይል ይመታል። ማማሰያው ያረጀ ወይም የተሰነጠቀ እንደ ሆነ፣ በዚያ ሁሉ ምት መካከል ከጫፉ ቀጭን ስንጥር ይለቅና ከገንፎው ጋር ይዋሐዳል፤ ዱቄቱ የተቀመጠበት ሰፌድም የተሰበረ ሰበዝ ሊጥልበት ይችላል። ገንፎው ከወጣ በኋላ መሃሉ ጎድጎድ ተደርጎ ቅቤና በርበሬ ይፈስበታል፤ በላተኛውም ከዳር እየቆረሰ ወደ መሃል እያጠቀሰ ይጎርሳል። ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ጠጠር ይኖራል ብሎ ጥርሱን ይጠብቃል። ገንፎ ግን ትኩስ፣ ለስላሳና ቅቤ የጠጣ በመሆኑ ብዙ ሳይታኘክ ይወርዳል፤ ስንጥሩ መኖሩ የሚታወቀው ጉሮሮ ላይ ሲቆም ነው። በዚያ ላይ ገንፎ የአራስ ምግብ ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ የሚበላው፣ ማንም ክፉ ነገር የማይጠብቅበት ማዕድ ነው። ምሳሌው ስንጥሩን ያስቀመጠው ሰው እጅግ በሚያምነው ምግብ ውስጥ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው ይህችን አነጋገር «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ከሚለው ጋር አንድ አድርጎ ይወስዳታል። በእኔ አስተያየት ግን ይለያያሉ። ሁለተኛው የሚናገረው ሌላ ሰው ስለሚያደርሰው ጉዳት ነው፤ የሚዘርፍና የሚዘረፍ አለው። በገንፎው ምሳሌ ግን ተንኮለኛ የለም። ገንፎውን የሠራችው እናት ወይም እኅት ናት፤ ስንጥሩም የገባው ሳታውቀው ነው። በላተኛውም አስተውለህ ብላ ተባለ እንጂ ማዕዱን ገፍተህ ተነሣ አልተባለም። ስለዚህ ምሳሌው ከገበያው ይልቅ የሚስማማው ሰው ከወላጆቹ በፍቅር ለተቀበለው ነገር፣ ከሁሉም በላይ ለሃይማኖቱ ይመስለኛል፤ ምንም እንኳ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲጠቀስ ባይሰማም።

ሃይማኖት በሕፃንነት የሚቀበሉት ነገር ነው። በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤት ሕፃኑ ፊደል ከቈጠረ በኋላ መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌለ ዮሐንስን፣ ቀጥሎም ዳዊትን በግእዝ ይዘልቃል፤ ይህን ሁሉ ሲያነብና በቃሉ ሲይዝ ቋንቋውን ገና አያውቀውም። የግእዙን ግስና አገባብ የሚማረው ደበሎውን ለብሶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ እንደ ዋሸራና እንደ ጎንጅ ባሉት የቅኔ ቤቶች ሲቀመጥ ነው። ከዚያም አልፎ ትርጓሜ ቤት የገባ ተማሪ ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መጻሕፍተ መነኮሳቱን በየተራ ሲማር፣ መምህሩ አንዱን ቃል «አንድም» እያለ በሁለትና በሦስት መንገድ ይፈታለታል፤ «ስለ ምን እንዲህ አለ ቢሉ» እያለም ተማሪው ያላሰበውን ጥያቄ ራሱ ያነሣለታል። እንግዲህ ሥርዓቱ በራሱ በመጀመሪያ ማጉረስ፣ በኋላ ደግሞ ማኘክን ማስተማር ነው። ችግሩ አብዛኛው ምእመን ከዳዊት ወዲያ አለመሄዱ፣ ብዙውም ከዚያ በፊት ማቆሙ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በሃያ ዓመቱ ጥያቄ ሲነሣበት የሚደነግጠው በጉባኤ ቤት ጥያቄ የዘወትር ሥራ መሆኑን ማንም ስላልነገረው ነው።

«አባቶቻችን አልተጠራጠሩም» የሚለው ተግሣጽም በጎጃም ምድር ብዙ አያስኬድም። በ17ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ሱስንዮስ የተቀበሉት የካቶሊክ እምነት ከተሻረ በኋላ፣ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበሩት ሁለት ወገኖች፣ የቅባትና የተዋሕዶ ሊቃውንት፣ ስለ ክርስቶስ መቀባት ለብዙ ትውልድ ተከራክረዋል፤ ጎጃምም የቅባት ወገን ዋና መቀመጫ ነበር። ክርክሩ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ በጠሩት ጉባኤ የተዋሕዶ ትምህርት በንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን እስኪጸና ድረስ ዘልቋል፤ ርዝራዡም ከዚያ በኋላ ፈጥኖ አልጠፋም። ማን ትክክል ነበር የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ከዚህ የምንወስደው ነገር ቢኖር፣ በአንዲት ቃል ላይ ዕድሜ ልካቸውን የተሟገቱት አባቶች የቀረበላቸውን ሁሉ ሳያላምጡ የሚውጡ እንዳልነበሩ ነው።

ሰባክያን የሐዋርያው ያዕቆብን ቃል ጠቅሰው ተጠራጣሪ ሰው በነፋስ እንደሚናወጥ ማዕበል ነው ይላሉ። ቃሉ አለ። ሆኖም ያቺው ቤተ ክርስቲያን ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ፣ በዳግም ትንሣኤ፣ ካላየሁና ካልዳሰስሁ አላምንም ያለውን የቶማስን ታሪክ በየዓመቱ ታነብባለች፤ ቶማስንም ከሐዋርያት ቍጥር አላወጣችውም። ቶማስ በተጠራጠረበት ሳምንት ከማኅበሩ አልተለየም ነበር፤ ጌታ ዳግመኛ በተገለጠ ጊዜ የተገኘው ከጓደኞቹ ጋር በቤት ውስጥ ነው።

አሁን በነሐሴ መባቻ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ ገጠር የሚመለስ ወጣት እናስብ። የፍልሰታ ጾም ገብቷል፤ እናቱ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ለቅዳሴ ስትወጣ ትጠራዋለች፤ እርሱ ግን ማመኑን ማቆሙን ሊነግራት አፉ አልደፈረም። የልቡን ነገር ቢዘረዝር፣ አንደኛው አንድ ካህን ሲያደርግ ያየው ነገር ነው፤ ሁለተኛው ሊቀበለው ያልቻለ የተአምር ታሪክ ነው፤ ሦስተኛው አብሮት ያደገው ሙስሊም ጎረቤት ኩነኔ ይገባል መባሉ ነው፤ አራተኛው ግን ለታመመች እኅቱ የጸለየው ጸሎት ሰሚ ማጣቱና ከዚያ ወዲህ ሰማዩ ባዶ ሆኖ የሚታየው መሆኑ ነው። እነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ካህኑ ማማሰያው ነው፤ ከእርሱ የወደቀውን ስንጥር ከዱቄቱ መለየት ይቻላል፣ ይገባልም። ስለ ተአምሩና ስለ ጎረቤቱ ያለው ጥያቄ ወደ መምህር ሊወሰድ የሚገባው ነው፤ መምህሩ «ዝም በል» የሚለው ከሆነ ወደ ሌላ የኔታ ይሂድ፤ የቆሎ ተማሪስ መምህር ፍለጋ አገር ለአገር ይዞር የለም?

አራተኛው ግን ስለ ስንጥር ሳይሆን ስለ ዱቄቱ የሚነሣ ጥያቄ ነው፤ ምሳሌያችንም እዚህ ላይ አቅም ያንሳታል። እንዲህ ያለውን ወጣት «ስንጥሩን አውጥተህ ብላ» ማለት ጥያቄውን አለመስማት ነው። ያም ሆኖ ሕይወቱ ከትርጉም ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። ወሩ ሲደርስ የእናቱን የማኅበር ዳቦ ተሸክሞ ይሄዳል፤ የታመመ ጎረቤት እርሻ በደቦ ሲታረስ ከፊት ይሰለፋል፤ ሌሊት የማኅሌቱን ጽናጽልና ከበሮ ሲሰማ ሰውነቱን የሚወርረው ነገር እምነት ይሁን ትዝታ መለየት ባይችልም መወረሩን አይክድም። ይህን የሚያደርግ ሰው አስመሳይ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። አስመሳይ የሚባለው ለጥቅም ሲል የማያምነውን አምናለሁ የሚል ነው። ይህ ወጣት ግን የሚያውቀውን ያህል እያደረገ፣ የማያውቀውን አላውቅም ይላል፤ እናቱንም አልዋሻትም፤ አብሯት ሄዶ ከደጀ ሰላሙ ዛፍ ሥር መቆሙ ከእርሷ ጋር ያለውን አንድነት ይገልጻል እንጂ ሌላ ቃል አልሰጠም።

የአጠቃቀሟን ነገር በተመለከተ፣ ይህች አነጋገር የሚነገረው ለመጉረስ ለተዘጋጀ ሰው እንደ ምክር ነው፤ ብዙ ጊዜም በፈገግታ ነው። በእኩያ ወይም በታላቅ ሰው አፍ ታምራለች፤ ልጅ ለአባቱ ቢላት ግን ድፍረት ይሆንበታል። ለቅሶ ቤት ደግሞ ፈጽሞ አትነገርም። የሰው ጥርጣሬ እጅግ የሚበረታው እዚያ ሆኖ ሳለ፣ ሐዘንተኛው «እግዜር የት አለ?» ብሎ ቢጮህ እንኳ የጎጃም ሰው በምሳሌ አይመልስለትም፤ እንጀራና ወጡን ይዞ ይመጣል፣ «እግዜር ያጽናህ» ይላል፣ እስከ ሠልስቱም እየተፈራረቀ አብሮት ይቀመጣል።