ኪዱ፦ የቡታን ዙፋን ችሮታና የተመራጮች ሥልጣን

በሂማላያ ተራሮች ሥር ባለችው ቡታን፣ የከፋው ሰው ለመረጠው የፓርላማ አባል ብቻ ሳይሆን ለንጉሡም አቤት ይላል። መሬት የሌለው ገበሬ፣ ጧሪ ያጣ አዛውንት፣ ልጁን ማስተማር ያቃተው ወላጅ ማመልከቻ ያስገባል። ከዙፋኑ የሚሰጠው ይህ ድጋፍ ኪዱ ይባላል። ለዚህ ዋና ከተማዋ ቲምፉ ድረስ ሄዶ ደጅ መጥናት የግድ አይደለም። በየአውራጃው የኪዱ ኃላፊዎች አሉ። ንጉሡ ገጠር ሲወርዱም ማመልከቻ ይዞ መንገድ ዳር የሚጠብቃቸው አይጠፋም።

ዴሞክራሲውም ቢሆን የመጣው ከቤተ መንግሥት ነው። አራተኛው ንጉሥ ጂግሜ ሲንግዬ ዋንግቹክ እ.ኤ.አ. በ2006 ዙፋኑን ለልጃቸው ለጂግሜ ኬሳር ለቀቁ። በ2008 የመጀመሪያው የምክር ቤት ምርጫ ተካሄደ፤ አንድ ፓርቲ ከ47 መቀመጫ 45ቱን ጠራርጎ ወሰደ። በዚያው ዓመት የጸደቀው ሕገ መንግሥት የንጉሡን ሥልጣን ቆርጧል። በ65 ዓመታቸው ጡረታ ይወጣሉ፤ በፓርላማና በሕዝበ ውሳኔም ሊወርዱ ይችላሉ። ኪዱ ግን አልተነካም። አንቀጽ 2 ዜግነት፣ መሬትና ሌላም ኪዱ መስጠትን የንጉሡ መብት አድርጎ አስቀምጦታል።

ታዲያ ፖለቲከኛው ምን ቀረው? መንገዱ፣ ጤና ጣቢያው፣ በጀቱ፣ ግብሩ። ማለትም ወቀሳ የሚያመጣው ሁሉ። መራጩም አይምርም፤ በ2013፣ በ2018 እና በ2024 ሥልጣን ላይ የነበረውን ፓርቲ አሰናብቷል። ዙፋኑ ለምርጫ ስለማይቀርብ ምስጋናው እዚያው ይጠራቀማል። ኮቪድ ሲመጣ ይህ በደንብ ታየ። ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ቱሪስት ጠፍቶ ሥራ ለፈቱ ሰዎች በየወሩ ገንዘብ ተሰጠ፤ የባንክ ብድር ወለድም ተነሳላቸው። እርዳታው የወጣው በንጉሡ ስም ነው።

ኪዱ ፈጣን ነው፤ የቢሮ ውጣ ውረድ ያልደረሰለትን ሰው ይደርሳል። ችግሩ ችሮታ መሆኑ ላይ ነው። የተከለከለ ሰው በሕግ መብቴ ነው ብሎ ሊሟገት አይችልም። በመሬት ጉዳይ ይህን መታገስ ይቻል ይሆናል። በዜግነት ግን ይከብዳል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ 100 ሺህ ገደማ ኔፓልኛ ተናጋሪ የደቡብ ቡታን ነዋሪዎች ከአገር ተገፍተው ኔፓል ውስጥ በመጠለያ ካምፕ ከርመዋል። አብዛኞቹ ከ2007 ወዲህ አሜሪካንና ሌሎች አገሮች ገብተዋል። አገር ውስጥ ከቀሩት ዜግነት የሌላቸው መካከል ለአንዳንዶቹ በር የከፈተላቸው የንጉሡ ኪዱ ነው፤ ሌሎቹ ማመልከቻ አስገብተው ይጠብቃሉ።