በጋዝ የሚሄደው የድሮ ትራክተር፦ የሚባለውና እውነታው

ናፍጣ በጠፋ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ነዳጅ ይሆናል። ጅማም ያው ነው። ሰሞኑን ደግሞ ጨዋታው ወደ ድሮ የአሜሪካ ትራክተሮች ዞሯል። ድብልብል ያለ ወፍራም የብረት ጋን ተሸክመው፣ ያለ ናፍጣ በፕሮፔን የሚያርሱት ማለቴ ነው። ፕሮፔን ሩቅ ነገር አይደለም። ማብሰያ ሲሊንደር ውስጥ የሚሞላው ጋዝ ፕሮፔን፣ ቡቴን ወይም የሁለቱ ድብልቅ ነው። የእነዚህን ትራክተሮች ቪዲዮ ያየ ሰው ሁሉ የየራሱን ይናገራል። ከሚባለው ብዙው ግን ልክ አይደለም። ጥቂቱ ደግሞ ሰው የሚገድል ስህተት ነው። እሱ ነው ያስጻፈኝ።

«ጋራዥ ውስጥ ገጣጥመው የሠሩት ነው»

አይደለም። ሚኒያፖሊስ ሞሊን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1941 በፕሮፔን የሚሠራ ትራክተር ከፋብሪካው አውጥቷል። በኋላ ጆን ዲር፣ ኬዝ፣ ኦሊቨርና ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አንድን ሞዴል በቤንዚን፣ በናፍጣ ወይም በጋዝ እያማረጡ መግዛት የተለመደ ነበር። በብዛት የሄደው እንደ ቴክሳስ፣ ኦክላሆማና ካንሳስ ባሉ ግዛቶች ነው። እዚያ ፕሮፔን ከተፈጥሮ ጋዝና ከነዳጅ ማጣሪያ ጋር አብሮ የሚወጣ ርካሽ ነገር ነበር። ብዙ ገበሬም ለቤት ማሞቂያ ብሎ ግቢው ውስጥ ትልቅ ጋን ተክሏል። ትራክተሩን ከዚያው ይሞላል።

ኦክላሆማ ለጅማ እንግዳ ስም አይደለም። የዛሬው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ መነሻ የሆነው የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው ከኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ በመጡ መምህራን እገዛ ነው። ትራክተሩ አብሯቸው መጣ እያልኩ አይደለም። ግን እነዚያ መምህራን በወጡበት አገር የጋዝ ትራክተር ያኔ እየተለመደ የነበረ ዕቃ ነው።

«ቦምብ ታቅፎ ማረስ ነው»

ይሄ ፍርሃት ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ጋኑ ግን እንደ ቤንዚን ሰልባትዮ ስስ ቆርቆሮ አይደለም። ግፊት እንዲችል ተብሎ ከወፍራም ብረት የተሠራ ነው። ሲሞላም 80 በመቶው ላይ ይቆማል። ፈሳሹ ሲሞቅ ስለሚያብጥ ቀሪው ቦታ ለዚያ ይተዋል። ግፊቱ ከልክ ካለፈ ደግሞ ራሱ የሚከፈት ማስተንፈሻ አለው። ጋኑ ውስጥ አየር ስለሌለ ጋዙ እዚያው ሊቀጣጠል አይችልም። እሳት የሚይዘው ወጥቶ ከአየር ጋር ሲደባለቅ፣ ያውም ከድብልቁ ከ2 እስከ 10 በመቶ ገደማ የሚሆነው ጋዝ ሲሆን ነው።

ታዲያ አደጋ የለውም? አለው እንጂ! ያለው ግን ሰው በማይፈራው ቦታ ነው። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይከብዳል። ከፈሰሰ ሽቅብ ወጥቶ አይበተንም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ዝቅ ያለው ቦታ ይተኛል። መካኒኩ ከመኪና ሥር የሚገባበት ጉድጓድ፣ የታችኛው ክፍል፣ የፍሳሽ ቦይ ዋነኞቹ ናቸው። ቆሞ ለሚሠራው ሰው ሽታው ላይደርሰው ይችላል። አንድ ሲጋራ ወይም የብየዳ ፍንጣሪ ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ የጋዝ ትራክተር የሚያድረው ውጭ ወይም ከሥር አየር በሚገባበት ቦታ ነው። መፍሰሱን የምንፈትሸውም በሳሙና አረፋ ነው። መጋጠሚያውን በሳሙና ውሃ መቀባት፤ አረፋው ካበጠ እዚያ ይፈሳል ማለት ነው። ክብሪት ጭሮ የሚፈትሽ ሰው ካያችሁ፣ እባካችሁ አስቁሙት።

«የማብሰያ ሲሊንደር ማሰር ይበቃል»

አጥብቄ መናገር የምፈልገው ይህን ነው። ሲሊንደር ቆሞ ሳለ ከታች ፈሳሽ፣ ከላይ ትነት አለው። ምድጃችን የሚወስደው የላዩን ትነት ነው። ትነቱ ሲቀንስ ፈሳሹ እየተነነ ይተካል። ለመትነን ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሙቀቱን የሚወስደው ከራሱ ከሲሊንደሩ ነው። ምድጃ ትንሽ ስለሚወስድ ይችለዋል። የትራክተር ሞተር ግን ለአፍታም አይጠግብም። ሲሊንደሩ ይቀዘቅዛል፣ ውጩ በረዶ ያወጣል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ሞተሩ ይጠፋል።

የድሮዎቹ ትራክተሮች መላ ሌላ ነው። ጋዙን ከጋኑ ሥር በፈሳሽነቱ ይወስዱታል። በፊልትሮ አልፎ ወደ አንድ የብረት ሳጥን ይገባል። ሳጥኑን የራዲያተሩ ሙቅ ውሃ ያሞቀዋል። ፈሳሹ እዚያ ተንኖ፣ ግፊቱም ወርዶ ወደ ካርቡሬተሩ ይሄዳል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ውሃውም ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ ጋኑ ላይ ሁለት መክፈቻ አለ። ሹፌሩ መጀመሪያ የትነቱን ከፍቶ ያስነሳል። ሞተሩ ሲሞቅ እሱን ይዘጋና የፈሳሹን ይከፍታል። ቸኩሎ ከጅምሩ ፈሳሹን ከለቀቀ፣ ወይም የራዲያተሩ ውሃ ጎድሎ ከሆነ፣ ያ ሳጥን ዓይኑ እያየ ነጭ በረዶ ይለብሳል።

ይሄን ሲሰማ ሲሊንደሩን አስተኝቼ ፈሳሹን ላውጣ የሚል አይጠፋም። በፍጹም አይደረግም። የማብሰያ ሲሊንደር ማስተካከያና ቱቦ የተሠራው ለትነት ነው። አንድ ሊትር ፈሳሽ ፕሮፔን ወደ 270 ሊትር ትነት ይሆናል። ያንን ያልታሰበለት ቱቦ ውስጥ መልቀቅ በራስ ላይ መፍረድ ነው።

የጅማ ብርድ ያስቸግረዋል ለሚሉ፦ ፕሮፔን የሚፈላው ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ ነው። የእኛ ሌሊት አይነካውም።

«ጋዝ ጉልበት የለውም»

የፕሮፔን ኦክቴን፣ ማለትም ሲጨመቅ ያለጊዜው ሳይቀጣጠል የመቆየት አቅሙ፣ ከ100 በላይ ነው፤ ከቤንዚን ይበልጣል። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ፒስተኑን ቀይረው የሞተሩን ጭመቃ ከፍ አደረጉት። በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት ከ1920 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትራክተር ይፈተሻል። እዚያ የተፈተኑ የቤንዚንና የጋዝ ሞዴሎች ጉልበታቸው የተቀራረበ ነው። የሚሸነፈው በፍጆታ ነው። አንድ ሊትር ፕሮፔን 25 ሜጋጁል ገደማ ኃይል ሲይዝ፣ ቤንዚን 32፣ ናፍጣ 36 ገደማ ይይዛል። ያን የሚያህል ጋን መሸከሙ ለዚህ ነው።

«ሞተር ይበላል»

ግማሽ እውነት አለው። ጋዝ ጥላሸት ስለማያበዛ የሞተር ዘይት ቶሎ አይጠቁርም፣ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላም ንጹሕ ይሆናል። ይሁን እንጂ ለቤንዚን የተሠራ አሮጌ ሞተር እንዲሁ ወደ ጋዝ ከተዞረ፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ላይ ያለው የቫልቭ መቀመጫ ቶሎ ሊበላ ይችላል። ጠንካራ መቀመጫ ከተገጠመለት ችግሩ ይቃለላል።

«የኛንም የናፍጣ ትራክተር እናዙረው»

በከርሳም ሆነ በኦሞ ናዳ የበቆሎ ማሳ የምናየው ትራክተር የናፍጣ ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን በኃይል ጨምቆ፣ በግለቱ ናፍጣውን ያቀጣጥላል። ፕሮፔን በዚያ መንገድ አይነሳም። ወይ ካንዴላ አስገብቶ ጭመቃውን መቀነስ፣ ወይ ትንሽ ናፍጣ እየረጩ ጋዙን መጨመር ያስፈልጋል። ሁለቱም የባለሙያ ሥራ ነው። በአየር ማስገቢያው ጋዝ ዝም ብሎ የለቀቀ ሰው ፒስተኑን ሊያቀልጥ ይችላል።

«ከሰልፍ ይገላግለን ነበር»

የአሜሪካው ገበሬ ጋዙን ያገኝ የነበረው ከደጃፉ ነው። ያም ሆኖ ናፍጣ በፍጆታ ቆጣቢ ስለሆነና የናፍጣ ሞተር እየበረታ ስለመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የጋዝ ትራክተር ከገበያ እየጠፋ ሄደ። የእኛ የሲሊንደር ጋዝ ግን እንደ ናፍጣው ሁሉ ከውጭ ተገዝቶ፣ በቦቴ ተጭኖ የሚገባ ነው። የኦጋዴኑ የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝስ? ዋናው ክፍሉ ሚቴን ነው። ሚቴን ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች ወደ 162 ዲግሪ ሲወርድ ስለሆነ፣ በእነዚህ አሮጌ ትራክተሮች ጋን ሞልቶ ማረስ አይቻልም። ለእሱ ሌላ ጋን፣ ሌላ ዕቃ ይፈልጋል።