የጉዲፈቻ ቀን (ደቡብ ኮሪያ)

የጉዲፈቻ ቀን በደቡብ ኮሪያ በየዓመቱ ሜይ 11 (ግንቦት 3) የሚከበር፣ የአገር ውስጥ ጉዲፈቻን ለማበረታታት የታሰበ ቀን ነው። በ2005 ተደንግጎ በ2006 ለመጀመሪያ ጊዜ ተከበረ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሜይ ለኮሪያውያን የቤተሰብ ወር ሲሆን፣ 11 የተመረጠው ሁለቱ አሃዞች አንድ ቤተሰብና አንድ ልጅ ስለሚወክሉ ነው። በዕለቱ ለአሳዳጊ ቤተሰቦች ሽልማት ይሰጣል፤ ባለሥልጣናትም ንግግር ያደርጋሉ። ቀኑን አከራካሪ ያደረጉት ግን በልጅነታቸው ወደ አሜሪካና አውሮፓ ተልከው ጎልማሳ ሆነው የተመለሱት ኮሪያውያን ናቸው።

ዳራ

በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት ነዋሪ የነበሩት ባልና ሚስት ሃሪና በርታ ሆልት በ1955 ስምንት ኮሪያውያን ሕፃናትን በጉዲፈቻ ከወሰዱ ወዲህ፣ በተለምዶ በሚጠቀሰው ግምት ወደ 200 ሺህ የሚጠጉ ልጆች አገሪቱን ለቀዋል። ከፍተኛው ቁጥር የተመዘገበው በ1985 ሲሆን በዚያ ዓመት ብቻ 8,837 ሕፃናት ተልከዋል። የብዙዎቹ ወላጆች በሕይወት ነበሩ፤ ልጁ ግን ብቻውን በአዲስ የቤተሰብ መዝገብ ላይ ይሰፍርና በወረቀት ወላጅ አልባ ይሆን ነበር። በ1988 ኦሎምፒክ ሰሞን የውጭ ጋዜጦች ጉዳዩን ሲያነሱት መንግሥት ክፉኛ አፈረ።

በኮሪያ ጦርነት የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ አባላት ዶንግዱቼዎን ውስጥ ቦህዋ የተባለ የሕፃናት ማሳደጊያ ከፍተው እንደነበር እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው። ወታደሮቻችን ከደመወዛቸው እያዋጡ ልጆቹን እዚያው በአገራቸው ምድር መግበዋል ይባላል።

የምስጢር ጉዲፈቻ

የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ ቅስቀሳ ያስፈለገው የዘር ሐረግ በኮሪያ ቤተሰብ ውስጥ ካለው ክብደት የተነሳ ነው። በቀድሞው ልማድ በጉዲፈቻ የሚወሰደው ከአባት ወገን የሆነ ወንድ ልጅ ነበር፤ ዓላማውም ስምን ማስቀጠል ነው። የባዕድ ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች ነገሩን ይደብቁት ነበር። ከልብሷ ሥር ትራስ አስራ ለወራት ነፍሰ ጡር መስላ የምትታይ፣ ሕፃኑ ሲመጣም እንደወለደችው አድርጋ የምታስመዘግብ ሴት ብርቅ አልነበረችም።

ይህን ልማድ በአደባባይ ከተቃወሙት አንዱ በ14 ዓመቱ በ1970 ወደ አሜሪካ የተወሰደው የኅዋ መሐንዲስ ስቲቭ ሞሪሰን ነው። በ1999 ያቋቋመው ድርጅት ኮሪያውያን የአገራቸውን ልጆች ጉዲፈቻውን ሳይደብቁ በግልጽ እንዲያሳድጉ ይቀሰቅሳል። እንዲህ ያለው ጥሪ በማደጎ ካደገ ሰው አንደበት ሲመጣ ከየትኛውም ሚኒስትር ንግግር ይልቅ ክብደት ነበረው።

በ2007 መንግሥት ለአገር ውስጥ አሳዳጊዎች ወርኃዊ ድጎማ ጀመረ፤ ያላገቡ ሰዎችም እንዲያሳድጉ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ (1,388) የውጪውን (1,264) ለመጀመሪያ ጊዜ በለጠ።

ሁለት ዝግጅቶች በአንድ ቀን

ሌሎች የጉዲፈቻ ልጆች ግን ጥያቄው ልጁን ማን ያሳድገው ሳይሆን እናቱ ለምን አጣችው ነው አሉ። በዚያን ጊዜ ወደ ውጭ ከሚላኩት ሕፃናት 90 በመቶ የሚሆኑት ካላገቡ እናቶች የተወለዱ ነበሩ፤ መንግሥት ለአሳዳጊው ድጎማ ሲሰጥ ወላጅ እናት የምታገኘው ድጋፍ እጅግ አነስተኛ ነበር። በጄን ጆንግ ትሬንካ የሚመራው የጉዲፈቻ ልጆች ማኅበርና ያላገቡ እናቶች ማኅበራት ተባብረው፣ በ2011 ሆን ብለው በዚያው በሜይ 11 የነጠላ እናቶችን ቀን ማክበር ጀመሩ። ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ የጉዲፈቻ ልጅ በዚያን ዕለት ሴኡል ከተገኘ በየትኛው አዳራሽ እንደሚቀመጥ መምረጥ ነበረበት። በኋላ መንግሥት ሜይ 10ን የነጠላ ወላጅ ቤተሰብ ቀን አድርጎ በሕግ አጸደቀ።

የእነዚሁ ሰዎች ግፊት የታየበት ሌላው ውጤት በኦገስት 2012 ሥራ ላይ የዋለው ልዩ የጉዲፈቻ ሕግ ነው። ሕጉ ወሊድ እንዲመዘገብ፣ ጉዲፈቻው በፍርድ ቤት እንዲጸድቅ፣ እናት ከወለደች ሰባት ቀን ሳይሞላ ለጉዲፈቻ የምትሰጠው ፈቃድ ተቀባይነት እንዳይኖረው አዘዘ። ተቃዋሚዎች ምዝገባውን የሚፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን እየጣሉ ነው ሲሉ በሴኡል የሚገኘውን የአንድ ቤተ ክርስቲያን የሕፃናት ሣጥን (እናቶች ማንነታቸውን ሳይገልጹ ሕፃን የሚተዉበት ሣጥን) ይጠቅሳሉ፤ ሣጥኑ ግን ሥራ የጀመረው ከሕጉ በፊት በ2009 ነው። የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ በ2011 ከነበረበት 1,548 በ2013 ወደ 686 መውረዱ እውነት ነው። መንስኤው ሕጉ ብቻ ነው ወይ የሚለው እስካሁን ያከራክራል።

ከ2025 ወዲህ

ኮሪያ የውጭ ጉዲፈቻን ኢትዮጵያ በ2018 እንዳደረገችው በአንድ ጊዜ አልከለከለችም። በማርች 2025 የአገሪቱ የእውነትና እርቅ ኮሚሽን በውጭ ጉዲፈቻ ለተፈጸሙት የመብት ጥሰቶች መንግሥትን ተጠያቂ አደረገ፤ በጁላይ የጉዲፈቻ ኃላፊነት ከግል ድርጅቶች ወደ መንግሥት ተዛወረ፤ ኦክቶበር 1 በአገሮች መካከል የሚደረግ ጉዲፈቻን የሚመለከተው ዓለም አቀፉ የሄግ ስምምነት በአገሪቱ ሥራ ላይ ዋለ፤ በማግስቱም ፕሬዝዳንት ሊ ጄ ምዩንግ ይቅርታ ጠየቁ። የድርጅቶቹ መዛግብት ለብሔራዊ የሕፃናት መብት ማዕከል እንዲተላለፉ ተወስኗል። መዝገቡ ቢገኝም በመርህ ደረጃ የወላጅ ማንነት የሚገለጸው ወላጁ ሲፈቅድ ነው።