በፋንታሲ ድራፍት ራኒንግ ባክ ስንመርጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የአሜሪካውን እግር ኳስ ፋንታሲ (የእውነተኛ ተጫዋቾችን ቡድን ይዘን እነሱ ሜዳ ላይ በሚሠሩት ነጥብ የምንፎካከርበትን ጨዋታ) የጀመርኩት ከፕሪሚየር ሊጉ ፋንታሲ ተነስቼ ነው። እዚህ ሜሪላንድ አብረውኝ የሚጫወቱት ልጆችም እንደዚያው ናቸው። በየዓመቱ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ የአሜሪካው እግር ኳስ ሊግ፣ የኤንኤፍኤል፣ ውድድር ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ አንዳችን ቤት እንሰበሰብና ዱለት እየበላን ለ12 ቡድን ተጫዋች በተራ እንመርጣለን፤ ድራፍት የሚባለው ይህ ነው። ጭቅጭቁ የሚጦፈው ሁልጊዜ ራኒንግ ባክ ላይ ነው፤ ማለትም ጨዋታውን ከሚመራው ኳስ ወርዋሪ፣ ከኳርተርባኩ፣ እጅ ኳስ ተቀብሎ በተከላካዮች መሃል ሰንጥቆ በሚሮጠው ተጫዋች ላይ። በአብዛኛው ሊግ 10 ያርድ ወደፊት መሄድ 1 ነጥብ፣ ታችዳውን (ኳሱን ጎል መስመር ማሳለፍ) 6 ነጥብ ነው። ይህን ይዘን በየዓመቱ የምሰማቸውን (አንዳንዶቹን ራሴም ያልኳቸውን) እንያቸው።

«በርካሽ የሚገኝ ማለት ማንም የማያውቀው ማለት ነው»

ይህ ከፕሪሚየር ሊጉ ይዘነው የመጣነው አስተሳሰብ ነው። እዚያ ገንዘቡ ይብቃን እንጂ ሃላንድን ሁላችንም ልንይዘው እንችላለን። ድራፍት ላይ ግን አንድ ተጫዋች አንድ ባለቤት ብቻ ነው ያለው፤ ዋጋውም የተወሰደበት ዙር ነው። ተራው በየዙሩ ስለሚገለበጥ፣ 1ኛ የመረጠ ሰው ቀጥሎ የሚደርሰው 24ኛና 25ኛ ላይ ነው። እስከዚያ 22 ተጫዋች በዓይኑ ፊት ያልፋል። ስለዚህ «ርካሽ» ማለት ከሚያመጣው ነጥብ አንጻር ዘግይቶ የተወሰደ ማለት ነው፤ ስሙ የገነነም ሊሆን ይችላል።

ጆሽ ጄከብስን ውሰዱ። በ2022 ቡድኑ ሬይደርስ ውሉን ለአንድ ዓመት የማራዘም መብቱን ሳይጠቀምበት ቀረ። ነሐሴ ላይ ደግሞ ዋና ተጫዋቾች በማይሰለፉበት የወዳጅነት ጨዋታ አሰለፉት። «ሊሸጡት ነው» ተባለ፣ ሁሉም ሸሸው። እኔም ሁለት ጊዜ ስሙ ላይ ደርሼ አለፍኩት። በዚያው ዓመት 1,653 ያርድ ሮጦ ሊጉን መራ። ወሬው የቡድኑን ሐሳብ ሳይሆን የእኛን ፍርሃት ነበር የሚነግረን።

«በአንድ ሩጫ ብዙ ያርድ የሚሮጠው ይሻላል»

ከሁሉም በላይ ብዙ ሰው የሚስትበት ይህ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት። በአንድ ሩጫ በአማካይ 5 ያርድ የሚሮጥ ሰው ከ3.6ቱ ይበልጣል፣ እሺ። ግን ስንት ጊዜ ነው ኳሱ የሚሰጠው?

በ2023 የታምፓ ቤዩ ራሻድ ዋይት 272 ጊዜ ሮጦ ያገኘው 990 ያርድ ነው። አማካዩ 3.6 ነው፤ ጨዋታውን ቁጭ ብሎ ላየው ያሰለቻል። ኳስ ተቀብሎ ወዲያው ከወገቡ ሲያዝ ነው ሰንበቱ የሚያልቀው። አሁን ወረቀት አውጥተን እንደምር። 990 ያርድ 99 ነጥብ ነው፤ በሩጫ ያገባቸው 6 ታችዳውኖች 36፤ በእግሩ 135 አመጣ ማለት ነው። ከዚያ 64 ኳስ ቀልቦ 549 ያርድና 3 ታችዳውን ጨመረ። ለእያንዳንዱ የተቀለበ ኳስ 1 ነጥብ በሚሰጠው በፒፒአር ሊግ ይህ 64፣ 54.9 እና 18 ነው፤ ድምሩ 136.9። ያ አሰልቺ ሯጭ በእግሩ ካመጣው በእጁ ያመጣው በለጠ!

ከዚህ የምንረዳው ቀላል ነገር አለ። 8 ያርድ የሮጠ 0.8 ያገኛል፤ ያንኑ 8 ያርድ በፒፒአር ሊግ አንድ ኳስ ቀልቦ ያገኘ 1.8። ስለዚህ ከመምረጣችን በፊት የሊጋችንን የነጥብ ደንብ ማንበብ ግድ ነው። እኛ ዘንድ አንዱ ልጅ የምንጫወተው በፒፒአር መሆኑን ያወቀው ጥቅምት ላይ ነው።

«አምና ብዙ ታችዳውን ያገባ ዘንድሮም ያገባል»

ጀማል ዊሊያምስ በ2022 ለዲትሮይት ላየንስ 17 ታችዳውን በሩጫ አግብቶ ሊጉን መራ። በዓመቱ ወደ ኒው ኦርሊንስ ሄደና 1 አገባ። አንድ! ሰውየው በአንድ ክረምት መሮጥ አልረሳም። የጠፋው ሥራው ነው፤ ዲትሮይት ጎል መስመር ጫፍ ሲደርስ ኳሱ ለእሱ ነበር የሚሰጠው።

መጠየቅ ያለበት ጥያቄም ይኸው ነው፦ አንድ ወይም ሁለት ያርድ ሲቀር ኳሱን የሚይዘው ማነው? በ2023 ዲአንድሬ ስዊፍት ለፊላደልፊያ 1,049 ያርድ ሮጦ 5 ብቻ አገባ፤ ምክንያቱም ጫፉ ላይ ኳርተርባኩ ጄለን ኸርትስ ራሱ እየተገፋ ይገባ ነበር፣ 15 ጊዜ። በአንጻሩ የአሪዞናው ጄምስ ኮነር በ2021 የሮጠው 752 ያርድ ብቻ ሆኖ 15 አገባ። በሩጫ ነጥብ ኮነር 165፣ ስዊፍት 135። ወደ 300 ያርድ ያነሰው ሰው 30 ነጥብ በለጠ።

«28 ዓመት ካለፈው አይነካም»

ዕድሜ ውሸት አይደለም። ራኒንግ ባክ በየሳምንቱ የሚደበደብ ሰው ነው፣ ቶሎ ያረጃል። ግን ፍርሃቱ ዋጋውን ከሚገባው በታች ሲያወርደው ያኔ መያዝ ነው። ራሂም ሞስተርት በ2023 በ31 ዓመቱ 18 ታችዳውን በሩጫ አገባ፤ ዴሪክ ሄንሪ በ2024 በ30 ዓመቱ 1,921 ያርድ ሮጠ። ሞስተርት በማግስቱ ዓመት ወደቀ፤ አምና የጠቀመ ሽማግሌ ዘንድሮ በውድ አይገዛም።

«አዲስ ልጅ ከመጣ ነባሩ አለቀለት»

በ2024 ካሮላይና ጆናታን ብሩክስን መረጠ፤ በዚያ ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ከወጡት ራኒንግ ባኮች የመጀመሪያው ተመራጭ ነበር። ነባሩን ቹባ ሃበርድን ሰው ሁሉ ረሳው። ብሩክስ ግን ከጉልበት ጉዳት ገና አላገገመም ነበር፤ የተጫወተው 3 ጨዋታ ነው። ሃበርድ 1,195 ያርድ ሮጠ።

«ተተኪ የሚያዘው የራስህ ኮከብ ከሆነ ነው»

እኔ በዚህ አልስማማም። የእኔ ኮከብ ተጎድቶ ተተኪው ሲገባ ቀዳዳ ደፈንኩ እንጂ አላተረፍኩም። የሌላ ሰው ኮከብ ተተኪ በእጄ ካለ ግን እሱ ሲከስር እኔ አተርፋለሁ። በ2024 ብዙ ሊግ ውስጥ 1ኛ የተመረጠው ክርስቲያን መካፍሪ የመጀመሪያውን ጨዋታ መጫወት አልቻለም። ያልታሰበው ጆርዳን ሜሰን ገብቶ 28 ጊዜ ሮጦ 147 ያርድ አመጣ። ሜሰንን የያዘው ሰው መካፍሪ እንዲኖረው አላስፈለገውም።

«ድራፍቱ ካለቀ ምርጫ አለቀ»

በመጨረሻዎቹ ዙሮች ሁለተኛ ኪከር (ኳስ በእግሩ የሚመታ ተጫዋች) የሚይዝ ሰው አያለሁ። ያቺ ቦታ ለሦስተኛና ለአራተኛ ራኒንግ ባክ ናት፤ ካልሆነለት በሳምንቱ ይሰናበታል። በ2023 ካይረን ዊሊያምስን ከእኛ 12 ሰዎች አንድም አልመረጠውም። በመጀመሪያው ሳምንት የቡድኑ የራምስ ዋና ሯጭ ካም ኤከርስ 22 ጊዜ ሮጦ 29 ያርድ ሲያመጣ፣ ዊሊያምስ 2 ታችዳውን አገባ። ኤከርስ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሚኒሶታ ተላከ፤ ዊሊያምስ በ12 ጨዋታ 1,144 ያርድ ሮጦ ዓመቱን ጨረሰ። በእኛ ሊግ ማንም ያልያዘውን ተጫዋች ቀድሞ የደረሰ ይወስዳል። እኔ ጠዋት ቡናዬን ይዤ ስልኬን ስከፍት ዊሊያምስ የለም፤ የፓርኪንግ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራው ልጅ ጨዋታው ባለቀ በሰዓታት ውስጥ አንስቶታል።