ኤል ዋይ መጨመር ብቻ አይደለም፦ የእንግሊዝኛ አድቨርብ አሠራር፣ ለሐረር ልጆች

እንግሊዝኛ ላይ አድጀክቲቭ ወይም ቅጽል ስምን ነው የሚገልጸው፣ አድቨርብ ግን በብዛት ግሱን። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ ኤልና ዋይ መጨመር በቂ ነው፣ ስሎው የነበረው ስሎውሊ፣ ኳይት የነበረው ኳይትሊ ይላል። ሐረር ላይ ይሄ ነገር ከክፍል ውጪም ስራ አለው፣ ጀጎልን የሚያስጎበኙ ልጆች ማታ ፈረንጁን ወደ ጅቦቹ ሲያስጠጉት «ዎክ ስሎውሊ፣ ሲት ኳይትሊ» ማለታቸው አይቀርም።

ስፔሊንጉ ትንሽ ይቀያየራል። ሃፒ ላይ ያለችው ዋይ ወደ አይ ትዞርና ሃፒሊ ይሆናል፣ ጀንትል መጨረሻዋን ጥላ ጀንትሊ፣ በአይሲ የሚያልቁት ደግሞ መሀል ላይ ኤና ኤል ይጨምራሉ፣ ቤዚክ ቤዚካሊ እንደሚለው ማለት ነው። ፐብሊክ ግን እምቢ ብሎ ፐብሊክሊ ነው የሚባለው፣ እሱን መሸምደድ ነው ያለው።

ጉዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ጉድ ወደ አድቨርብ ሲሄድ ዌል ይሆናል እንጂ ጉድሊ አይባልም፣ እኛ ግን «ጥሩ ልጅ» ብለን እዛው «ጥሩ ይናገራል» ስለምንል ሳናስበው «ሂ ስፒክስ ጉድ» ያመልጠናል። ፋስት፣ ሃርድና ሌት እንዳሉ ሆነው ሁለቱንም ይሰራሉ። ሃርድሊ የሚል ቃል አለ ግን ትርጉሙ «እምብዛም» ነው፣ ስለዚህ ስራ ፍለጋ ሄዶ «አይ ዎርክ ሃርድሊ» ያለ ሰው ስራ አልወድም እንዳለ ይቆጠርበታል። ሌትሊም «ሰሞኑን» ነው እንጂ «አርፍዶ» አይደለም። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው ሰፈር አካባቢ ያለውን ቀጭን መንገድ ናሮው ማለት ትክክል ነው፣ ናሮውሊ ካልን ግን «ለጥቂት» ሆነ፣ ከባጃጅ ለጥቂት ያመለጠ ሰው ነው እሱን የሚፈልገው።

ፍሬንድሊስ? ኤልና ዋይ አለው ግን ቅጽል ነው። ይቺ መጨረሻ በጥንቱ እንግሊዝኛ አካል ወይም መልክ ከሚል ቃል የመጣች የላይክ («እንደ») ዘመድ ስለሆነች ስም ላይ ስትለጠፍ ቅጽል፣ ቅጽል ላይ ስትለጠፍ ደግሞ አድቨርብ ትሰራለች (ዴይሊን የመሰሉ ሁለቱንም የሚሆኑ አሉ)። ፍሬንድሊሊ ከማለት «ኢን ኤ ፍሬንድሊ ዌይ» ማለት ይሻላል።

ቦታውም ያስቸግራል። አማርኛውም ኦሮምኛውም ጌይ ሲናኑም (ሐረሪኛው) ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጡ አድቨርቡ ከፊት ይመጣል፣ እንግሊዝኛ ግን ግሱንና የሚነካውን ስም መሀል ገብተህ እንድትለያቸው አይወድም፣ ስለዚህ «ሺ ስፒክስ ኢንግሊሽ ዌል» ነው የሚባለው፣ ዌልን ከኢንግሊሽ ፊት ማስገባት ጆሮ ይኮረኩራል።