ብሬስ ያደረገ ሰው የድድ መወፈር ምንድን ነው?

ብሬስ (ጥርስ ለማስተካከል የሚታሰረው ሽቦ) በታሰረ በጥቂት ወራት ውስጥ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለችው ሹል ድድ ልታብጥ ትችላለች። ሲብስ ድዱ ወደ ብራኬቱ፣ ማለትም ጥርሱ ላይ ተለጥፎ ሽቦውን ወደሚይዘው ትንሽ ቁራጭ፣ ተጠግቶ ጠርዙን ይሸፍናል፤ ጥርሱም ያጠረ ይመስላል። የድድ መወፈር የሚባለው ይህ ነው። ጎልቶ የሚታየው በፊት ጥርሶች ላይ ሲሆን፣ በጉርምስና ዕድሜ ያሉ ልጆችን ይበልጥ ያጠቃል።

ብዙዎች ሽቦው ድዱን ስለጎተተው ያበጠ ይመስላቸዋል። ዋናው ምክንያት ግን ፕላክ ነው፤ ማለትም ጥርስ ላይ የሚለጠፍ፣ ባክቴሪያ የሞላበት ስስ ነገር። በተለይ በብራኬቱና በድዱ መካከል ባለችው ጥቂት ሚሊሜትር ቦታ ይጠራቀማል። ድዱ ሲያብጥ ቦታዋን ይሸፍናታል፤ ብሩሽ አይደርስባትም፤ ፕላኩ ይበዛል፤ ድዱም የባሰ ያብጣል። የጉርምስና ሆርሞንና በአፍ መተንፈስ ያባብሱታል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን፣ ለደም ግፊት የሚሰጡት አምሎዲፒንና ኒፌዲፒን፣ እንዲሁም የሰውነትን የመከላከል አቅም ለመቀነስ የሚሰጠው ሳይክሎስፖሪን ድድ ሊያወፍሩ ይችላሉ። ከእነዚህ አንዱን የሚወስድ ሰው ብሬስ ከመታሰሩ በፊት ለሐኪሙ ይንገር፤ መድኃኒቱን ግን በራሱ አያቋርጥ።

ትልቁ ስህተት ድዱ ደማ ብሎ መቦረሽ መተው ነው። የሚደማው ፕላክ ስላለበት ነውና ይበልጥ መጽዳት አለበት። ለስላሳ ብሩሽ ይዞ፣ ወደ ድዱ 45 ዲግሪ አዘንብሎ፣ መጀመሪያ በብራኬቱና በድዱ መካከል ያለውን መስመር በትንንሽ እንቅስቃሴ ማጽዳት፤ ቀጥሎ ብሩሹን ገልብጦ የብራኬቱን ሌላኛውን ወገን መቦረሽ። ከዚያ ትንሿን የጥርስ መሃል ብሩሽ በሽቦው ሥር አስገብቶ በየብራኬቱ ጎንና ጎን ማመላለስ። መስታወት ፊት ቀርቦ ሲታይ የብራኬቱ ጠርዝ በሙሉ ጥርት ብሎ መታየት አለበት። መፋቂያ የለመደ ሰው ለጊዜው ቢተወው ይሻላል፤ ከሽቦው ሥር አይገባም፣ ብራኬትም ሊነቅል ይችላል።

ጥርስ ማሳጠብም ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ ሽቦውን ለጊዜው ቢያወጣው ሥራው በደንብ ይሠራል። ክሎርሄክሲዲን መጉመጥመጫ ከታዘዘ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 2 ሳምንት ነው። ሲቆይ ጥርስ ያጠቁራል፣ ጣዕምም ይለውጣል። የጥርስ ሳሙና ኃይሉን ስለሚቀንሰው ከቦረሹ በኋላ 30 ደቂቃ ያህል ቆይቶ መጉመጥመጥ ይመረጣል።

ቀይ፣ ለስላሳና ቶሎ የሚደማ እብጠት በእንዲህ ያለ ጽዳት በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ሐመር ሮዝ ሆኖ የጠነከረው ግን በብሩሽ ብቻ አይመለስም። ትርፉ ድድ በማደንዘዣ ደንዝዞ በምላጭ ወይም በሌዘር ይቆረጣል። ብሬስ ሲወልቅ እብጠቱ በአብዛኛው ስለሚቀንስ፣ ቆርጦ ከመጣል በፊት ጥቂት ወራት መጠበቅ ተገቢ ነው። ድዱ ብራኬቱን ውጦ ጽዳትን ወይም የጥርሱን መንቀሳቀስ ከከለከለ ግን እስከዚያ አይጠበቅም። ተቆርጦም ፕላኩ ካልጸዳ ተመልሶ ያድጋል።

ከእብጠቱ ጋር ድዱ ሳይነካ የሚደማ፣ ትኩሳትና ድካም ያለ፣ ሰውነትም ያለ ምክንያት የሚበልዝ ከሆነ ሰበቡን ብሬሱ ላይ አለማድረግ ነው። አልፎ አልፎ የደም ካንሰር በዚህ መልክ ስለሚጀምር ሳይውል ሳያድር የደም ምርመራ ይደረግ።