ልብ፣ ነፍስና ሥጋ በኪንግደም ሃርትስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በደብረ ብርሃን የፕሌይስቴሽን ቤቶች የሚበዛው የእግር ኳስ ጨዋታ ቢሆንም ኪንግደም ሃርትስን የሚወዱ ጥቂት ወጣቶች አይጠፉም። ተራቸውን ሲጠብቁ የሚከራከሩትም ስለ ውጊያው ሳይሆን፣ ገጸ ባሕርያቱ ልባቸውን ሲያጡ ምን እንደሚሆኑ ነው። በቴትሱያ ኖሙራ መሪነት ተሠርቶ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ የጃፓን ጨዋታ ሰውን የሚከፍልበት የራሱ ሥርዓት አለው። ከምሰማቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ታሪኩን ካለማወቅ ሳይሆን፣ ከቤታችን ይዘነው በገባነው አከፋፈል ታሪኩን ከመመልከት ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያውና ሥር የሰደደው ስህተት «ሰው ሥጋና ነፍስ ነው፤ ልብ የሚባለው በነፍስ ውስጥ የሚቆጠር ነው» የሚለው ነው። ለእኛ ይህ ትክክለኛ ትምህርት ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው እንደሚያውቀው የሰው ባሕርያት ሰባት ሲሆኑ፣ መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት የሥጋ ናቸው፤ ልባዊነት፣ ነባቢነትና ሕያውነት ደግሞ የነፍስ ናቸው። ማሰብና ማስተዋል፣ ማለትም ልባዊነት፣ ከነፍስ አይለይም። ጨዋታው ግን ልብን ከነፍስ አውጥቶ ለብቻው ያቆመዋል፤ ሰው ሥጋ፣ ነፍስና ልብ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ነፍስ ለሥጋ ሕይወት ትሰጣለች፤ ትዝታ፣ ፍቅር፣ ብርሃንና ጨለማ የሚያድሩት ግን በልብ ነው፤ «እኔ» የሚለውም ልብ ነው። ስለዚህ አንድ ገጸ ባሕርይ ልቡን አጣ ሲባል «ነፍሱ ወጣች» ብሎ የሚረዳ ሰው ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ያመልጠዋል።

በሌላ በኩል አማርኛ እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛው ትርጉም የተሻለ መንገድ ይከፍትልናል። ጃፓኖች «ኮኮሮ» የሚሉት ቃል ስሜትንም ሐሳብንም በአንድነት ይይዛል። እኛም «ልብ በል» ስንል አስተውል ማለታችን ነው፤ «ልቡ ተሰበረ» ስንልም ስለ ሐዘን እንናገራለን። ይህን ሁለት ፊት ያለውን ልብ ይዞ የሚጫወት ሰው የጨዋታውን አሳብ በቀላሉ ያገኘዋል።

በጨዋታው የምንዋጋቸውን የጨለማ ፍጡራን፣ ሃርትለሶችን፣ የሚመለከተው «ሃርትለስ ልብ የሌለው ፍጡር ነው» የሚለው ሁለተኛው ስህተት ከስሙ የመጣ ስለሆነ (በእንግሊዝኛ «ልብ የለሽ» ማለት ነው) ማንንም አልወቅስም። እውነታው ተቃራኒ ነው፤ ሃርትለስ ጨለማ የዋጠው ልብ ራሱ ነው፤ የጎደለው ነፍስና የቀድሞ ሥጋው ነው። ምልክት የተቀረጸባቸውና በሰው እጅ የተሠሩት ሃርትለሶች በቁልፍ ሰይፍ፣ ማለትም የጨዋታው ጀግና በሚይዘው ቁልፍ መሰል መሣሪያ ሲመቱ፣ ልብ ከውስጣቸው ወጥቶ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ በዓይን ይታያል። በውስጡ ባይኖር ከየት ይወጣ ነበር?

ከዚህ ቀጥሎ «ሃርትለስ የሆነ ሰው ሞቷል» ይባላል። ይህም አይደለም። ልቡ በጨለማ የተወሰደበት ሰው ፈቃዱ ብርቱ ከሆነ፣ የቀሩት ሥጋና ነፍስ ኖባዲ የሚባል ሌላ ህላዌ ሆነው መንቀሳቀስ ይቀጥላሉ። ሃርትለሱና ኖባዲው ሁለቱም ሲጠፉ ደግሞ ልብ፣ ነፍስና ሥጋ ተገናኝተው የመጀመሪያው ሰው ይመለሳል። ዋናው ጠላት ዜሃኖርት የተመለሰው በዚህ መንገድ ነው፤ ሃርትለሱ አንሰም በመጀመሪያው ጨዋታ፣ ኖባዲው ዜምናስ ደግሞ በሁለተኛው ተሸነፉ። ብዙ ተጫዋቾች ድል ያሉት ነገር ለጠላት የመመለሻ በር መሆኑን ሳስብ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። የጨዋታው ጀግና ሶራ ግን ከሕጉ ውጭ ነው። በልቡ ውስጥ ተጠልሎ የነበረውን የጓደኛውን የካይሪን ልብ ነጻ ለማውጣት የገዛ ልቡን በፈቃዱ ለቆ ሃርትለስ ሆነ፤ ካይሪም በብርሃኗ መለሰችው። የሶራ ኖባዲ ሮክሳስ ሳይጠፋ ሶራ በመመለሱም ሁለቱ ለጥቂት ጊዜ በአንድ ወቅት ለየብቻ ኖሩ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ «ኖባዲ ልብ ስለሌለው ሐዘኑም ደስታውም ማስመሰል ነው» የሚለው አመለካከት ነው። ይህን የሚለው የኖባዲዎቹ ማኅበር መሪ ዜምናስ ነው፤ ብዙዎቻችንም ቃሉን እንደ ጨዋታው ሕግ ተቀበልነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ክፍል ግን ቃሉ ተከታዮቹን አስሮ ለመያዝ የተነገረ ውሸት እንደነበር፣ ልብም በኖባዲ ውስጥ ዳግም ሊበቅል እንደሚችል ገለጠ። ምልክቶቹ ቀድሞም ነበሩ፤ ሮክሳስና ጓደኛው ኖባዲ አክሰል በሰዓት ማማው ላይ ተቀምጠው ጨዋማውን አይስክሬም ሲበሉ፣ ሲኳረፉና ሲለያዩ የታየው ሐዘን የተማሩት አልነበረም። በእኛ አነጋገር ልጅ አድጎ ማስተዋል ሲጀምር «ልብ ገዛ» ይባላል፤ ልብ ከኑሮና ከባልንጀራ ጋር ቀስ በቀስ የሚገኝ ነገር ነው ማለት ነው። ለሮክሳስ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም።

«ልብ የጠፋበት ሁሉ ሃርትለስም ኖባዲም ይኖረዋል» የሚሉም አሉ፤ አይኖረውም። ፈቃዱ ደካማ ከሆነ ኖባዲ አይወለድም፤ እንደ ካይሪ በልቧ ጨለማ የሌለባት ልዕልት ደግሞ ሃርትለስ አይወጣላትም።

በመጨረሻ አንሰም በሶራ ጓደኛ በሪኩ ሥጋ ሲናገር ያዩ ልጆች «ዛር ያዘው» ይላሉ። መመሳሰሉ ይታየኛል፤ ነገር ግን ዛር ከውጭ የሚመጣ መንፈስ ሲሆን በጨዋታው ሥጋን የሚይዘው የሌላ ሰው ልብ ነው። ዜሃኖርት ያረጀ ሥጋውን ትቶ ልቡን በወጣቱ የቁልፍ ሰይፍ ተዋጊ በቴራ ሥጋ ውስጥ በቁልፍ ሰይፍ አሳደረ፤ የቴራ ፈቃድም በባዶ ጥሩሩ ውስጥ ቀረ። ማደር ሁልጊዜ ወረራ አይደለም። የቆሰለው የቴራ ጓደኛ የቬንተስ ልብ መጠጊያ ሲፈልግ ገና ሕፃን የነበረው ሶራ እሺ ብሎ አስገባው፤ ለዓመታትም በውስጡ ተኛ። ከሶራ የወጣው ሮክሳስ የሶራን ሳይሆን የቬንተስን መልክ የያዘው በዚህ ምክንያት ነው።